ማን ይበልተዋል?

መተማ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አንድ ቀን ነው፤ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም። አፄ ዮሐንስ ከደርቡሽ ጋር ገጥመው የቆሰሉበት፣ ብዙም ሳይቆዩ ያረፉበት፣ ከተማዋም እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ የምትባልበት ምክንያት። በመጋቢት 2016 ዓ.ም ግን ከዚያው ቆላ የተለየ ወሬ ተሰማ። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፕልማን የሚመራ፣ የአገራችን ምሁራንም ያሉበት የተመራማሪዎች ቡድን፣ የዛሬ 74,000 ዓመት ገደማ ሽንፋ ወንዝ ዳር ሰዎች ሰፍረው እንደነበር ‹ኔቸር› በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አወጣ። በዚህኛው ወሬ ንጉሥ የለም፣ ሰይፍም የለም። የተገኘው የዓሣና የአውሬ አጥንት፣ የተሰባበረ የሰጎን እንቁላል ቅርፊት፣ እሳት የነካው ነገር፣ መሣሪያ ሲጠረብ የረገፈ የድንጋይ ፍንካች ነው። ባጭሩ የጓዳ ጥራጊ።

እኔን የያዘኝ ይኸው ጥራጊ ነው። ከዚያ ሰፈር ማን ደፋር እንደነበር፣ ማን ማንን እንደወደደ፣ ማታ እሳት ዳር ምን እንደተወራ አንዲት ነገር አልተረፈልንም። ማጥመዱ ራሱ እንኳ አልተረፈም፤ ዓሣውን ያየው ዓይን፣ የወረወረው ክንድ፣ ያመለጠው ትልቁ ዓሣ ሁሉ ጠፍቷል። የተረፈው ከተያዘ በኋላ ያለው ሥራ ነው። አንዱ አጥንት ላይ የስለት ጭረት አለ፣ ሌላው ጠቁሯል። ዛሬ ተመራማሪ ተንበርክኮ በብሩሽ የሚጠርገው የዚያን ቀን አንዱ በምሬት ‹ይሄን ማን ያነሳዋል?› ብሎ ትቶት የሄደውን ነው።

ስለ ቦታው ትንሽ ልበል። ሽንፋ ድንበሩን ሲሻገር ራሃድ ይባላል፤ ሄዶ ሄዶ ዓባይ ውስጥ ይገባል። ትንሽ ወደ ሰሜን ያለው ጓንግ ደግሞ ሱዳን ሲደርስ አትባራ ነው። ሁለቱም በክረምት ማንንም የማያሻግሩ፣ በበጋ ግን ተቆራርጠው ኩሬ ኩሬ የሚሆኑ ወንዞች ናቸው። ከኅዳር ጀምሮ ውሃው ይሸሻል፤ ሚያዝያ ላይ ትልቁ ወንዝ አሸዋ ሆኖ፣ እዚህም እዚያም ጥልቅ ቦታ ላይ ብቻ አረንጓዴ ውሃ ተኝቶ ይገኛል። የወንዙ ነዋሪ በሙሉ እዚያች ውሃ ውስጥ ተጨናንቆ ዝናብ ይጠብቃል።

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ይህን በዓይኑ አይቷል። በ1853 ዓ.ም ኋላ ካገባት ከፍሎረንስ ጋር በአትባራ ዳር ሲጓዝ ዓሣው፣ ዔሊው፣ አዞውና ጉማሬው በየኩሬው ተፋፍገው ነበር። ሰኔ ላይ አንድ ሌሊት ደረቁ ወንዝ ድንገት ሞላ። ዝናብ በዚያ ጠብ አላለም፤ የዘነበው በኛ ደጋ ነው። ሲነጋ 450 ሜትር ያህል የሚሰፋ ጎርፍ በበረሃው መሐል ይጋልብ ነበር። ቤከር በሚቀጥለው ዓመት ወደ መተማም ወጥቷል፤ ገበያዋን ባሪያና ቡና፣ ማርና ቆዳ ሲሸጥባት አይቷል። ለኔ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ኩሬው ነው። በዚያች ውሃ ውስጥ አዳኝም ታዳኝም አንድ ላይ ታስረው፣ መክፈቻው በሌላ አገር ሰማይ እጅ ነው።

ከሽንፋው ጥራጊ መሐል ከፀጉር የቀጠነ የመስታወት ብናኝም ተገኝቷል። ብናኙ የመጣው ከኢንዶኔዥያዋ የሱማትራ ደሴት፣ ቶባ ከተባለ እሳተ ገሞራ፣ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ በነፋስ ተጉዞ ነው። ቶባ ሲፈነዳ የዓለምን አየር አናግቶ የሰውን ዘር ለጥቂት ሳያጠፋ ቀርቷል የሚሉ ነበሩ። የሽንፋ ሰፋሪዎች ግን አልጠፉም። ከብናኙ በኋላ የተከማቸው ጥራጊ ሲታይ በጋው እየረዘመ፣ ድርቁ እየጠና ሲሄድ ከሌላው እንስሳ አጥንት ይልቅ የዓሣው ድርሻ እየጨመረ ሄደ። አገር ሲደርቅ ዓሣ በዛ ያሰኛል። ዓሣው ግን አልበዛም፤ መሸሻው ጠበበ እንጂ። ጉልበት ያህል ውሃ ውስጥ የገባን ዓሣ መያዝ ረቂቅ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ድርቁ ራሱ መረብ ሆኖ ሰብስቦታል።

ይህን ነገር ካነበብኩ ወዲህ ደጋግሜ የማስበው አንድ ጥያቄ አለ። ሲሳይ እጅግ የሚቀልበት ሰዓት ምንጩ ሊነጥፍ የደረሰበት ሰዓት ከሆነ፣ ሰው ‹ይበቃኛል› የሚለው በምን መለኪያ ነው? ዓይኑ የሚያየው ትርፍ ነው። ኩሬው አፉን ከፍቶ ‹ውሰድ› ይለዋል። አርቆ የማያይ ሰው ጥጋብ ነው ቢል አይፈረድበትም።

መንገዱ ሰላም በነበረበት ዘመን፣ አንድ ሚያዝያ ላይ ጓንግ ዳር ከአንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅና ከእህታቸው ልጅ ጋር አድሬ ነበር። ‹ካምፕ› ብለው የከተማ ወዳጆቼ ሊያስጌጡት ይሞክራሉ። ሰሌን፣ አንድ ድስት፣ አንድ ጀሪካን፣ ድርቆሽና በሶ፣ የመንግሥት አጎበር፣ በቃ። ሽማግሌው ገና ሳይነጋ ቀሰቀሱኝና ጭራሮ አሰበሰቡኝ፤ ፀሐይ ከወጣ በኋላ በዚያ አገር እንጨት መልቀም ራስን መቅጣት ነው። ቀጥሎ ውሃ። ከኩሬው አይጠጣም። ከኩሬው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ አሸዋው በእጅ ይጫራል፤ ክንድ ያህል ሲወርዱ ውሃ ያዣል፤ የመጀመሪያው ድፍርስ ተቀድቶ ይደፋል፤ ሁለተኛው ይጠራል፤ ያም ይፈላል። አጎበሩን ልሰቅል ዋልካው መሬት ላይ ጥሩ ግራር አግኝቼ ነበር። ሽማግሌው ገና ከሩቁ አስነሱኝ። ካላዛር የምታመጣው ትንሿ ዝንብ በተሰነጠቀ ዋልካ ውስጥ ታድራለችና አሸዋው ላይ ተኛ አሉኝ። ለሰሊጥ አረም ከደጋ የሚወርደው ቀን ሠራተኛ ይህን የሚነግረው ዘመድ ስለማያገኝ ታሞ የሚመለስ አለ።

ማጥመዱን በተመለከተ የማወራው ብዙ የለኝም። ቀላል ነበር። ከሽመል ዘንግ የታሰረ ናይለን ክር፣ መንጠቆ፣ ትል። መንጠቆው ውሃ ከመንካቱ አንድ ነገር ይጎትተዋል። ልጁ በሳቅ እየፈነደቀ ያወጣል፣ ይጥላል፣ ያወጣል። ረፋዱ ገና ሳይጋመስ ሽማግሌው ክራቸውን ጠቀለሉ።

«አያ፣ ምነው? ገና መያዝ መጀመሩ አይደለም እንዴ!» አለ ልጁ።

«አንተ ልጅ፣ ማን ይበልተዋል?»

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። በዚያ ሙቀት ዓሣ ጥላ ውስጥም ቢሆን ብዙ አይቆይም። ቀኑ እኩል ሳይሆን ካልተበለተ፣ ካልተሰነጠቀ፣ ጨው ካልገባበት፣ ከሰዓት በኋላ ለውሻም አይሰጥም። ስለዚህ የምትይዘው ዓሣ ቁጥር የሚወሰነው ኩሬው ውስጥ ባለው ዓሣ አይደለም። ስንት ቢላ፣ ስንት እጅ፣ ስንት ጨው አለህ?

ለመበለት ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ይሻላል። ጅራቱን ይዘህ ቅርፊቱን ከጅራት ወደ ራስ ትፍቃለህ፤ ቅርፊቱ ይፈናጠርና ክንድህ ላይ ይደርቃል፣ ማታ በጥፍር ነው የምታነሳው። የጀርባው እሾህ እጅ ይወጋል። ሆዱ ከበታች ይሰነጠቃል፣ ግን በልክ፤ ቢላው ትንሽ ከጠለቀ ሐሞቱ ይፈሳል፣ ሐሞት የነካው ሥጋ ደግሞ ምንም በርበሬ አያድነውም። እኔ የፈሰሰብኝን ሽማግሌው ዝም ብለው ወስደው ለየብቻው አስቀመጡት። አምባዛ ሌላ ነገር ነው። ቅርፊት የለውም፤ ሙልጭ ያለ፣ ንፍጥ የለበሰ፣ ጢሙን የሚያወዛውዝ። ከጉልቻው አመድ ዘግነህ ካላሸኸው እጅ አይይዘውም። በዚያ ላይ አየር መተንፈስ ስለሚችል ቶሎ አይሞትም። ጆንያ ውስጥ ከተጣለ ስንት ሰዓት ሆኖት፣ ሞቷል ብለህ ስታነሳው ይገለበጣል። እኔ ደነገጥኩ፤ ልጁ ሳቀ። ሽማግሌው አምባዛ አይበሉም፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለው አይበላም የሚለው የኦሪት ሕግ ነው። ይበልቱታል ግን፣ እንደሌላው ተጠንቅቀው። ወዲያ ማዶ ይፈለጋል። የደረቀ ዓሣ፣ የጣናውም ጭምር፣ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲሻገር የኖረ ሸቀጥ ነው።

ከዚያ ቋንጣው ይሰቀላል። ከሽመል በተሠራ ቆጥ ላይ ሥጋው ተዘርግቶ፣ ከታች ጭስ ይሰጠዋል፤ ለዝንብ ነው። ጭሱ እንዳይነድ፣ እሳቱም እንዳይጠፋ አንድ ሰው መቀመጥ አለበት። አንጀቱና ጭንቅላቱ ከሰፈሩ ራቅ ብሎ ይቀበራል፤ ካልተቀበረ ማታ ጅብ ይመጣል፣ ውሃ ውስጥ ከተጣለ አዞ ይለምዳል። ድስቱ በአሸዋ ይታሻል። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ፀሐይ አዘቅዝቃለች፣ ወገብ የለም፣ ኩሬው ውስጥ ዓሣው አሁንም ይንቦጫረቃል፣ ማንም ግን ዘወር ብሎ አላየውም።

ስለ ልክ የሚያስተምሩን ሰዎች፣ መምህራኑም ካህናቱም፣ ልክ ከልብ ይመጣል ይላሉ፤ ፍላጎትህን ግታ፣ ጹም፣ በቃኝ በል። እውነት አላቸው፤ ልብ ግን ራሱን ሲገታ ብዙም አላየሁም። ጓንግ ዳር ያየሁት ልክ ከእጅ የመጣ ነበር። ‹ማን ይበልተዋል?› ስብከት አይደለም፤ ሒሳብ ነው። ሰው ከያዘው ነገር ጋር ራሱ እስከ መጨረሻው የሚሄድ ከሆነ፣ ከቢላው እስከ አመዱ፣ ድካሙ ሳይፈልግ ልከኛ ያደርገዋል።

ስለ ማጥመድ በፍልስፍና የጻፉ ሰዎች ይህን ክፍል ለምን እንደሚዘሉት ሲገርመኝ ኖሯል። እንግሊዛዊው አይዛክ ዋልተን በ1645 ዓ.ም ያሳተመው መጽሐፍ ዓሣ ማጥመድን የአስተዋይ ሰው መዝናኛ አድርጎ ለዓለም ያስተዋወቀ ነው። ወንዙ፣ ወፉ፣ ጨዋታው፣ ሁሉም አለ፤ አሠራሩንም አይነፍግም፣ ዓሣ እንዴት እንደሚጠበስ በዝርዝር ይጽፋል። ዓሣው ሲያዝ ግን ለእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት ይሰጥና ሰዎቹ ወደ ወጋቸው ይመለሳሉ። ሴትዮዋ ያን ቀን ምን ታስብ እንደነበር የጻፈ የለም። ፍልስፍናው ሊንሳፈፍ የቻለው እሷ ጓዳ ውስጥ ስላለች ነው። እኛም ብንሆን ከዚህ አንርቅም፤ ባሕር ዳር ሐይቁን እያየን ስለ ሕይወት የምናወራ ሰዎች የተጠበሰው ዓሣ ማን ጋ እንደተፋቀ ጠይቀን አናውቅም።

ወንጌል በዚህ ረገድ ይበልጣል። እነጴጥሮስ የተጠሩት ሥራ ላይ ሳሉ ነው፤ ሉቃስ መረባቸውን ሲያጥቡ ይላል፣ ማቴዎስ ደግሞ የዘብዴዎስ ልጆች መረባቸውን ሲያበጁ። ሁለቱም ከማጥመድ በኋላ ያለ ሥራ ነው። በዮሐንስ ወንጌል መጨረሻ ደግሞ፣ ከትንሣኤው በኋላ፣ ሐዋርያቱ ሌሊቱን ደክመው ሲነጋ 153 ትልልቅ ዓሣ ያወጣሉ። ወደ የብስ ሲደርሱ ፍም ተቀጣጥሎ፣ ዓሣ ተቀምጦበት፣ እንጀራም ቀርቦ ያገኛሉ። ሞትን ያሸነፈው ጌታ ያን ማለዳ እሳት አንድዶ ቁርስ አዘጋጅቷል። ሊቃውንት 153 በሚለው ቁጥር ላይ ብዙ ምሥጢር ተርጉመዋል። እኔ ከጓንግ ወዲህ የማስበው ሌላ ነው፤ ቆጥሮ የያዘው ሰው የሚጠብቀውን ሥራ እያሰበ እንደቆጠረ አልጠራጠርም።

እዚህ ላይ ግን ራሴን መሞገት አለብኝ። የሽንፋ ሰዎች ልከኞች ነበሩ የሚል ማስረጃ የለም። ተመራማሪዎቹ የሚሉት እንዲያውም ወደ ተቃራኒው ያደላል። ሰዎቹ አንዱን ኩሬ ሲጨርሱ ወደሚቀጥለው ይሄዱ ነበር፤ ወንዙን ተከትለው፣ ከኩሬ ወደ ኩሬ። የበጋ ወንዝ እንዲህ ሆኖ ለሰው ልጅ ጎዳና ሠርቶለት፣ ምናልባትም ከአፍሪካ ያወጣው ይኸው መንገድ ሊሆን ይችላል ይላሉ። መላምት ነው፤ እውነት ከሆነ ግን ዓለምን በሰው የሞላው ‹በቃኝ› ማለት ሳይሆን ‹አለቀ፣ እንሂድ› ማለት ነው። የሽማግሌው ሒሳብና የጥንቶቹ ሒሳብ አንድ አይደለም። የጥንቶቹ ከፊታቸው ሌላ ኩሬ ነበራቸው።

ዛሬ ከፊት ያለው ምንድን ነው? ወንዙ ቁልቁል ሲሄድ ድንበር ነው፣ ማዶውም በሚያዝያ 2015 ዓ.ም ጦርነት የተነሳባት ሱዳን። ከካርቱም የሸሹት በመተማ በኩል ገብተው ኩመርና አውላላ በተባሉ ቦታዎች ድንኳን ተተከለላቸው። እነሱም ውሃ ቀድተዋል፣ ጭራሮ ለቅመዋል፣ ጉልቻ ሠርተዋል። እኔ ጓንግ ዳር ደስ እያለኝ የሠራሁትን ሥራ ሁሉ እነሱ መውጫው ሳይታወቅ ሠርተውታል። ስለዚህ ድካም ልክ ያስተምራል ስል የምናገረው መመለሻ ያለው ሰው ሆኜ መሆኑን አልዘነጋም። መመለሻ ለሌለው ያው ሥራ ትምህርት አይደለም፤ ቀኑ የሚያልቅበት ብቻ ነው።

ደግሞ ብርብራ የሚባለው ዛፍ አለ። ፍሬው ይወቀጣል፣ ውሃ ላይ ይበተናል፣ ዓሣው ትንፋሽ አጥቶ ይንሳፈፋል፤ ትልቁም ጫጩቱም። ጣና በሚገቡት ወንዞችም ዓሣው እንቁላል ሊጥል ሽቅብ ሲወጣ ይህ ይደረጋል። መርዝ መጠቀም በዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 የተከለከለ ነው። እኔን ብርብራ የሚያስፈራኝ ግን በመርዝነቱ ብቻ አይደለም። ‹ማን ይበልተዋል?› የሚለውን ጥያቄ ይሰርዘዋል። የተንሳፈፈው ሁሉ አይለቀምም፣ የተለቀመው ሁሉ አይበለትም፤ ግማሹ እዚያው ይሸታል። የበረዶ ሣጥን የጫነ መኪናም፣ ሕጋዊ ቢሆንም፣ ያንኑ ጥያቄ በጨዋ መንገድ ያስቀረዋል፤ ዓሣው ሳይበለት ይሄዳል፣ የሚበልተው ሰው ኩሬውን አላየም፣ ያጠመደው ሰው ቢላ አልያዘም። ሥራው ከሁለት ሲከፈል ልኩ ከመሐል ወድቆ ይጠፋል። በረዶ ይከልከል አልልም፤ የበሰበሰ ዓሣ ማንንም አይጠቅምም። በረዶ የሚያስቀረውን ልክ ምን እንደሚተካው ግን ሲነገር አልሰማሁም።

ማታ ጭሱ ዳር ተቀምጠን ልጁ ነገሩን አልተወውም። ትምህርት ቤት ገብቶ ስምንተኛ ክፍል አቋርጧል፣ ሒሳብ ይወዳል።

«አያ፣ እኛ ብንተወው ነገ ሌላው ብርብራ ይዞ ይመጣል። ያኔ ለኛም አይተርፍ፣ ለኩሬውም አይተርፍ።»

ሽማግሌው ቶሎ አልመለሱም። እኔም የምለው አጣሁ፤ አዋጁን ልጠቅስ አሰብኩና ዘበኛ በሌለበት አዋጅ መጥቀስ አሳፈረኝ።

«ይመጣ ይሆናል» አሉ በመጨረሻ። «ክረምት ሲገባ ጓንግ የሚሞላው ግን ከየኩሬው በተረፈው ዓሣ ነው። ከሰማይ ዓሣ ሲወርድ አይቼ አላውቅም።»

«ካልተረፈስ?»

«ካልተረፈማ አንተ ሰሊጥ ታርማለህ።»

ልጁ ይህን መልስ አልወደደውም፤ ለብቻው ሲያጉረመርም ቆየ። እኔ ግን ሁለቱም ልክ ናቸው ባይ ነኝ፤ ሽማግሌው ስለ ወንዙ፣ ልጁ ስለ ሰው። ጭሱ ወደ ነበልባል ሊለወጥ ሲል ሽማግሌው እርጥብ ቅጠል ጣሉበትና የመጀመሪያውን ተራ ለልጁ ሰጡት፤ ሁለተኛው የኔ ነበር።